ሁለት ጊኒ ፒግ ልገዛ ነው፤ 200 ዶላር ይበቃኛል?

ናሆም_16

ሰላም ለሁላችሁ። 16 ዓመቴ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ቨርጂኒያ ከመጣን 4 ዓመት ሊሆነን ነው። ውሻ አፓርታማችን አይፈቅድም። ድመት ታናሽ እህቴን ያስነጥሳታል። ስለዚህ ሁለት ጊኒ ፒግ (ጭራ የሌለው፣ በኬጅ የሚኖር ትንሽ ፀጉራም እንስሳ ነው) ልገዛ ወስኛለሁ።

ሒሳቤ ይኸውላችሁ። ሱቅ ውስጥ አንዱ 40 ዶላር ነው፣ ሁለቱ 80። ኬጅ (የሚኖሩበት የሽቦ ቤት) በቅናሽ 70። ምግብና ጉዝጓዝ 30። 20 ዶላር ደግሞ ለክፉ ቀን። በድምሩ 200። የጎረቤት ልጆች እየጠበቅኩ ያጠራቀምኩት 260 አለኝ። ይተርፈኛል ማለት ነው።

ችግሩ እናቴ ናት። "ፒግ" የምትለዋን ስትሰማ "አሳማ እቤቴ አይገባም!" አለች። ፎቶውን ሳሳያት ደግሞ ትንሽ አየችውና "ይሄማ አይጥ ነው፤ ጭራውን ምን በላው?" አለች። አባቴ ሳቀ እንጂ ምንም አላለም። ያሳደጋችሁ ካላችሁ እናቴን በምን ላሳምናት? ሒሳቡስ ልክ ነው?

አባ_ቀልዴ

እናትህ ልክ ናቸው። ለመሆኑ ይበላል?

በረዶ_ዙሪክ

አባ ቀልዴ፣ ይበላል። ፔሩና ኢኳዶር "ኩይ" ይሉታል። አገሩም እዚያው አንዲስ ተራራ ነው፤ ለሺህ ዓመታት ሲያረቡት ኖረዋል። ኩስኮ ካቴድራል ውስጥ ባለው የመጨረሻው እራት ሥዕል ላይ ሳህኑ ላይ የተጋደመው ኩይ ነው ይላሉ። በቃ፣ አሁን ልጁን ተወው።

ናሆም፣ ለእናትህ ንገራቸው፤ ከአሳማ ጋር በስም እንጂ በዘር አይገናኝም። ጊኒ ከሚባል አገርም አልመጣም። የአይጥ ዘመድ መሆኑን ግን አንተን ብሆን አላነሳም።

ሁለት ማለትህ ደግሞ ጥሩ ነው። እዚህ ስዊዘርላንድ ከ2008 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አንዱን ብቻውን ማኖር በሕግ ተከልክሏል። በመንጋ የሚኖር ፍጥረት ነው፤ ብቻውን ሲሆን ይደበታል። አንዱ ሲሞት ለቀሪው ጓደኛ የሚያከራዩ ሰዎች ሁሉ እዚህ አሉ። አዎ፣ የሚያከራዩ።

ረሖቮት_ያለሁ

እስራኤል ደግሞ "ሐዚር ያም" ነው የሚባለው፤ የባሕር አሳማ ማለት ነው። እናቴ "ሐዚር" የምትለዋን ሰምታ ለሳምንት አላናገረችኝም። ሌላ ስም አለው፣ "ሻርካን" ይሉታል፤ ፉጨተኛ እንደማለት ነው። በዚህኛው ስም ነው እቤት ያስገባሁት።

ናሆም_16

ረሖቮት፣ ጎበዝ! አባ ቀልዴ፣ "ይበላል" የሚለውን እናቴ እንዳታይብኝ። እኔ ደግሞ "ጾመኛ ነው፣ ሥጋም ወተትም አይነካም" ልላት አስቤ ነበር።

የሦስት_ልጆች_እናት

"ጾመኛ ነው" ብለው ነው እኔንም የያዙኝ።

ልጄ፣ ቅር አይበልህ፣ እኔ ከእናትህ ወገን ነኝ። ሁለተኛዋ ልጄ 11 ዓመቷ ሳለ "በየቀኑ አጸዳለሁ፣ በየቀኑ እመግባለሁ" ብላ በእጇ ጽፋ፣ ፈርማ ሰጠችኝ። ወረቀቱ እስከ ዛሬ ፍሪጁ ላይ ተለጥፏል። ከ3 ሳምንት በኋላ መጥረጊያውን የያዝኩት እኔ ነኝ። አንዱ ብቻ በቀን መቶ የሚያህል በጠጥ ይጥላል። ያጋነንኩ እንዳይመስልህ፤ አንድ ቀን ተናድጄ ቁጭ ብዬ ቆጥሬያለሁ።

ሁለተኛ ነገር። ሱቁ "ሁለቱም ሴት ናቸው" ብሎ ነው የሸጠልን። ሦስት ወር ሳይሞላ የአንደኛዋ ሆድ ግራና ቀኝ ወጣ። "ወፈረች" አልን። አንድ ማለዳ ልጄ ስትጮህ ሮጬ ብሄድ አምስት ሆነዋል። ግልገሎቹ ፀጉር ለብሰው፣ ዓይናቸውን ገልጠው ነው የተወለዱት፤ በዚያው ቀን ይሯሯጣሉ። ማማራቸውን አልክድም። ግን እናቲቱ በወለደች በሰዓታት ውስጥ መልሳ ልታረግዝ ትችላለች አሉን። አባትየውን ነቅለን መታጠቢያ ቤት አስገባነው። ወንዶቹ ግልገሎች ደግሞ 3 ሳምንት ሲሞላቸው ለእናታቸውም አይመለሱም ተባልን፤ እነሱም ተከተሉት። ሦስት ወር ሙሉ ከጊኒ ፒግ ጋር ሻወር ወሰድኩ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅህ። ክረምት አገር ቤት ስትሄዱ ማን ይጠብቅልሃል?

ናሆም_16

እትዬ፣ አመሰግናለሁ። የመጨረሻዋን ጥያቄ ጨርሶ አላሰብኳትም። ሐምሌ ላይ 5 ሳምንት እንሄዳለን።

ጎመኔን_የበሉብኝ

ናሆም፣ ሒሳብህን ሳነብ የ14 ዓመቷን ራሴን አየኋት። እኔ በ190 ዶላር ነበር የጀመርኩት። አሁን 21 ዓመቴ ነው፣ ከቨርጂኒያ አጠገብ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምኖረው። ያኔ የገዛኋቸውን ሁለቱን ሽሮና በርበሬ አልኳቸው። ሽሮ 7 ዓመቷን ይዛለች፣ ዛሬም ጎመኔን ትዘርፋለች። በርበሬ አምና አረፈች። ሽሮ ብቻዋን እንዳትቀር ከእንስሳት መጠለያ አንዲት አሮጊት አምጥቼላታለሁ። ስሟ አምባሻ ነው፤ ቅርጿን ብታየው ይገባሃል።

አባቴ "ብር ካወጣሽ ጻፊ" ይለኝ ስለነበር ደብተር አለኝ። አሁን ከፊቴ ዘርግቼ ነው የምጽፍልህ።

ከሱቅ የገዛሁት ባለ 70 ዶላሩ ኬጅ 3 ወር አልቆየም። ጠበባቸው፣ ተነካከሱ። ለሁለት ቢያንስ 60 በ120 ሴንቲ ሜትር ወለል ያስፈልጋል፤ ቢበልጥ ይመረጣል። ፎቅ አይደለም የሚፈልጉት፣ ሜዳ ነው። በመጨረሻ የሽቦ ፍርግርግ እየገጣጠምኩ፣ ከሥሩ የፕላስቲክ ሰሌዳ አንጥፌ ራሴ ሠራሁት። 90 ዶላር ወጣብኝ። የመጀመሪያው 70 ውኃ በላው።

ድርቆሽ ቀንም ሌሊትም መጥፋት የለበትም። ከሚበሉት አምስት እጅ አራቱ ድርቆሽ ነው መሆን ያለበት። ትንንሹን ከረጢት ከገዛህ ያከስርሃል። እኔ 5 ኪሎ የሚጠጋውን ካርቶን በ35 ዶላር አስመጣለሁ፤ ለሁለቱ ወር ከምናምን ይሄዳል። የማስቀምጠው አልጋዬ ሥር ነው። አያቴ ከሰላሌ የመጣች ጊዜ ክፍሌ ገብታ በረጅሙ ተነፈሰችና "አገሬ የገባሁ መሰለኝ" አለች።

ቅጠላ ቅጠል 35 ዶላር ያህል። ደረቅ መኖ 10። ጉዝጓዝ 25። በወር 100 አካባቢ ማለት ነው። ወጪ ልቀንስ ብዬ አንድ ሰሞን ወደሚታጠብ ወፍራም ጨርቅ ዞሬ ነበር። እሑድ ጠዋት እናቴ ቤተ ክርስቲያን ልትሄድ ጨርቁ በታጠበበት ማሽን ያጠበችውን ነጠላዋን ስታነሳ ድርቆሽ በድርቆሽ ሆኖ አገኘችው። በእኛ ማሽን ማጠብ በዚያው ቀረ።

እስካሁን ያልኩህ ጤነኛ ሲሆኑ ነው። አሁን የበርበሬን ነገር ልንገርህ።

የፋሲካ ሌሊት ነው። ቅዳሴ አልቆ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ቤት ገባን። በር ሲከፈት ሁለቱም መጮህ ልማዳቸው ነው፤ የዚያን ሌሊት የመጣው የሽሮ ድምፅ ብቻ ነበር። በርበሬ ጥግ ይዛ ፀጉሯን አቁማ ተኮራምታለች። ማታ ስንወጣ ያስቀመጥኩላት ድርቆሽ እንዳለ ነው። ቃሪያ አፍንጫዋ ሥር ባደርግላት ፊቷን አዞረች። ጉዝጓዙን ገለጥ ገለጥ አደረግኩት፤ በእሷ በኩል አንድም አዲስ በጠጥ የለም።

እናቴ ዶሮ ወጡን እያሞቀች "ሲነጋ ይታያል" አለች። እኔ ግን አንብቤያለሁ። ጊኒ ፒግ ግማሽ ቀን ካልበላ አንጀቱ መሥራት ሊያቆም ይችላል፤ ሲነጋ ማለት ለሱ ሩቅ ነው። አባቴ ጾሙን ሳይፈታ የመኪናውን ቁልፍ አነሳ። የመጀመሪያው የድንገተኛ ክሊኒክ "ውሻና ድመት ብቻ" አለን። ሁለተኛው 40 ደቂቃ ያስነዳል። ለመታየት ብቻ 180 ዶላር። ራጅ፣ ፈሳሽና ማስታገሻ ሲጨመር 640። የእኔ ቁጠባ 115 ነበር። ቀሪውን አባቴ ካርዱን አውጥቶ ከፈለ። ስንመለስ መንገዱን ሙሉ አንድ ቃል አልተናገረኝም። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ምክንያቱ ጥርስ ሆኖ ተገኘ። ጥርሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ያድጋል፤ የሚሞርደው ድርቆሽ ማኘክ ነው። እኔ ደግሞ ደረቁን መኖ ትወደዋለች ብዬ ሳህን ሙሉ እሰጣት ነበር፤ ድርቆሹን ትታ እሱን ትበላለች። የኋላ ጥርሷ አድጎ ምላሷን ይዟታል። በማደንዘዣ ተሞረደ፤ ሌላ 300። ከዚያ 10 ቀን በየ4 ሰዓቱ ዱቄት በጥብጦ በሲሪንጅ ማጉረስ መጣ። እኔ ትምህርት ቤት ነኝ፤ ቀን ቀን የምታጎርሳት እናቴ ሆነች።

ስለዚህ ናሆም፣ ያቺ 20 ዶላር የክሊኒኩን በር አታስከፍትም። እኔ አሁን "የጊኒ ፒግ ዕቁብ" አለኝ። ዳኛዋም እኔ፣ ጣይዋም እኔ። በወር 30 ዶላር እጥላለሁ፤ ቢርበኝም አልነካትም።

ናሆም_16

አነበብኩት። ለአባቴም ጮክ ብዬ አነበብኩለት። ፋሲካዋ ላይ ሲደርስ ሳቁን አቆመ።

በወር 100 ማለት በዓመት 1,200 ነው። 6 ዓመት ቢኖሩ 7,200። ሐኪም ሳይጨመር! ልጅ ጠብቄ በወር የማገኘው 120 ነው። 22 ዓመት እስኪሞላኝ ለጊኒ ፒግ ነው የምሠራው ማለት ነው?

አባ_ቀልዴ

በዚህ ገንዘብ በየዓመቱ ስንት በግ ይታረድ ነበር። ዝም ብዬ ነው ያሰብኩት።

ሰናይት_ሙኒክ

ናሆም፣ 22 ዓመት ያልካት ጥሩ ጥያቄ ናት። ጊኒ ፒግ በደህና ከተያዘ ከ5 እስከ 8 ዓመት ይኖራል። አንተ በ2 ዓመት ውስጥ ኮሌጅ ትገባለህ። የተማሪ መኖሪያ ይዘህ አትገባም። ከዚያ በኋላ የማን ናቸው? ለእናትህ ይህን ሳትነግር "የኔ ናቸው፣ አንቺን አይመለከትሽም" ብለሃት ከሆነ ዋሽተሃል።

እዚህ ጀርመን 16 ዓመት ላልሞላው ልጅ ያለ ወላጅ ፈቃድ እንስሳ መስጠት በሕግ ክልክል ነው። እንግሊዝም በ2006 እ.ኤ.አ. በወጣው ሕግ ከ16 በታች መግዛት አይቻልም፤ ልጅ ለያዘው እንስሳ ተጠያቂው ወላጅ ነው። በ15 ዓመቴ ይህ ያቃጥለኝ ነበር። ሥራውን የምሠራው እኔ፣ የምትፈርመው እናቴ! ጀርመንኛ እኔ ነኝ የማስተረጉምላት፣ ውሉን እንኳ አንብቤ የት እንደምትፈርም ያሳየኋት እኔ ነኝ። በኋላ ሐኪም ቤት ሄጄ "ትልቅ ሰው ጥሪ" ሲሉኝ ነው የገባኝ።

አንድ ምክር። ከሱቅ ግልገል አትግዛ። መጠለያ ሂድና አብረው የኖሩ፣ የተስማሙ ትልልቆች ውሰድ። ጾታቸው የታወቀ ነው፤ እትዬ የገጠማቸው አይገጥምህም። እኔን ሦስት ጊዜ አመላልሰውኛል። ሦስተኛው ቀን ላይ ጥፍር አስቆረጡኝ። እጄ ሲንቀጠቀጥ አይተው ሳቁብኝ፣ ግን ሰጡኝ።

መርፌ_ያዥ

ሐኪም አይደለሁም፤ ሚኒሶታ አንድ የእንስሳት ክሊኒክ ውስጥ ረዳት ነኝ። ጎመኔን የጻፈችውን ዓይነት በየሳምንቱ አያለሁ።

ከመግዛትህ በፊት ስልክ አንሳና ጊኒ ፒግ የሚያይ ሐኪም ቅርብህ እንዳለ አጣራ። ብዙው ክሊኒክ አያይም። የሚያዩት ከበቀቀንና ከእንሽላሊት ጋር "ኤግዞቲክ" (ያልተለመደ እንስሳ) ብለው ይመድቡታል፤ ዋጋውም እንደ ስሙ ነው።

ጊኒ ፒግ እንደኛ እንደ ሰዎቹ ቫይታሚን ሲ ሰውነቱ አያመርትም። ለአንድ ኪሎ ክብደት በቀን ከ10 እስከ 30 ሚሊ ግራም ይፈልጋል። ትልቁ ጊኒ ፒግ አንድ ኪሎ ገደማ ነው። ያ የማያቃጥለው ትልቁ ቀይ ቃሪያ አለ አይደል፣ ከሱ አንድ ቁራጭ በየቀኑ ስጠው። ካጣ መገጣጠሚያው ያብጣል፣ ድዱ ይደማል፣ መራመድ ይተዋል። ውኃ ላይ የሚንጠባጠበውን ቫይታሚን አትግዛ፤ ውኃው ውስጥ ቶሎ ይበላሻል፣ ጣዕሙም ውኃ ያስጠላቸዋል።

ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንች፣ አቮካዶ፣ የሚያቃጥል ቃሪያ በፍጹም። እንጀራም፣ ዳቦም፣ ቆሎም አይሰጥም። ጎመንና ቆስጣ አልፎ አልፎ ይሁን፤ በየቀኑ ሲሆን የፊኛ ጠጠር ያግዛሉ። የጠጠር ቀዶ ጥገና እኛ ጋ ከ1,000 ዶላር በታች አይወጣም። አልፋልፋ የሚባለው ድርቆሽም ለግልገልና ለእርጉዝ ነው፤ ለትልልቆቹ ቲሞቲ የሚባለውን ግዛ።

አሁን ለሐበሻ ቤት ብቻ የምነግረው። አሞክሲሲሊን መሳቢያው ውስጥ የሌለው የኛ ሰው አላውቅም። ጊኒ ፒጉ ሲያስነጥስ "ትንሽ በጥብጬ ልስጠው" የሚል አይጠፋም። ይገድለዋል! አንጀቱ ውስጥ ያሉትን ደጋግ ባክቴሪያዎች ይጨርስና መርዘኞቹ ይነግሣሉ። አንድ ቤተሰብ ደግ አስበው ሰጥተው፣ በሦስተኛው ቀን ተሸክመው መጡ። አላተረፍነውም።

ቡና ሲፈላ እጣኑን ከነሱ ራቅ አድርጉት። ሳንባቸው ጭስ አይችልም። በርበሬ ሲታመስም እንደዚያው፣ መቼም እኛም አንችለውም።

ሲታመሙ ይደብቃሉ። አዳኝ እንዳያያቸው የለመዱት ነው። ስለዚህ በሳምንት አንዴ በኩሽና ሚዛን መዝናቸውና ጻፍ። ዓይንህ ሳያይ ሚዛኑ ያያል።

የእህትህን ነገር ደግሞ አትርሳ። ድመት የሚያስነጥሰው ሰው ጊኒ ፒግም፣ ድርቆሹም ሊያስነጥሰው ይችላል። ሳትገዛ ይዘሃት ሂድና የሆነ ሰው ቤት አንድ ሰዓት አስቀምጣት።

ዱባይ_ኤሲ

አንድ ነገር ብቻ። ሙቀት። ከ27 ዲግሪ ካለፈ አደጋ ነው። ላብ አያልባቸውም። እኛ አንድ ቀን ኤሲው ተበላሽቶ ከሥራ ስመለስ አንዱ ተዘርሯል። ቨርጂኒያ ሐምሌ ላይ ቀልድ እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ አክስቴ እዚያ ናት።

የሦስት_ልጆች_እናት

መርፌ ያዥ፣ እንጀራውን በተናገርሽ ጊዜ ደነገጥኩ። አማቴ ከጎንደር መጥተው 2 ወር ከእኛ ጋር ነበሩ። "ሣር ብቻ? ምን በደሉ?" እያሉ ከትሪው ጥግ ቆረስ ያደርጉላቸው ነበር። አንዱ ሆዱ ተነፍቶ እንደ ከበሮ ሆነ። ተረፈ፣ ግን 220 ዶላር። ለአማቴ ዋጋውን አልነገርኳቸውም። ቢያውቁ እሳቸው ይነፉ ነበር።

ናሆም_16

የአፓርታማችንን የኪራይ ውል (ሊዙን) አነበብኩት። በኬጅ ለሚኖር ትንሽ እንስሳም ፈቃድ መጠየቅ አለብን ይላል። ይህንንም አላውቅም ነበር።

ለእናቴ ሁሉንም ነገርኳት። ኮሌጁንም፣ 640 ዶላሯንም። "አሁን እንደ ሰው አወራህ" አለች። እሺ አላለችም፤ እንቢም አላለችም። ለጊዜው አልገዛም።

ጎመኔን_የበሉብኝ

ናሆም፣ እኔ ደግሞ የራሴ ጉዳይ አለኝ። ለገና አዲስ አበባ እሄዳለሁ፣ 3 ሳምንት። ሁልጊዜ የምትጠብቅልኝ ጓደኛዬ ሌላ ስቴት ሄደች። እንስሳ በአዳሪነት የሚቀበል ቦታ በቀን 25 ዶላር ለሁለቱ አለኝ፤ 525 ነው። ኬጁን፣ ድርቆሹን፣ ሚዛኑን ሁሉ አመጣልሃለሁ፣ ለአንተም 150 እከፍላለሁ። የክሊኒኩ ካርድ በእኔ ስም ይቆያል። እህትህ ካስነጠሳት በነጋታው እወስዳቸዋለሁ። ቤተሰብህ ከተስማማ ነው ታዲያ።

አወያይ

ናሆም ገና 16 ዓመቱ ነው። አድራሻና ስልክ እዚህ ላይ እንዳትለዋወጡ። ወላጆች በግል መልእክት ይነጋገሩ፤ ከዚያ በኋላ የእናንተ ጉዳይ ነው።

ናሆም_16

እናቴ ከጎመኔን እናት ጋር ተደዋወለች። ስለ ጊኒ ፒግ ያወሩት 2 ደቂቃ ነው። በ5ኛው ደቂቃ የጋራ ዘመድ አገኙ፤ ደብረ ዘይት ላይ። ቅዳሜ ይመጣሉ።

ናሆም_16 (ከ5 ሳምንት በኋላ)

ተመልሻለሁ። ሽሮና አምባሻ ትናንት ወደ ቤታቸው ሄዱ።

እውነቱን ልናገር። የመጀመሪያዎቹን 4 ቀናት ከጎጇቸው አልወጡም። ልነካቸው እጄን ስሰድ እንደ ጥይት ይሸሻሉ። ፊልም ላይ እንደማየው እቅፌ ውስጥ የሚተኙ መስሎኝ ነበር። በ5ኛው ቀን ሽሮ ቃሪያውን ከእጄ ነጥቃ ሮጠች። በ9ኛው ቀን አምባሻ ያለ ምንም ምክንያት ወደ ላይ ዘለለች፣ በአየር ላይ ተጣመመች፣ ወረደች፣ ደገመችው። ደንግጬ ለመርፌ ያዥ ጻፍኩላት፤ ደስ ሲላቸው የሚያደርጉት ነው አለችኝ። ያቺ ወፍራም አሮጊት!

ጽዳቱ በየቀኑ 20 ደቂቃ፣ ቅዳሜ አንድ ሰዓት ይፈጃል። አንድ ቀን ፈተና ነበረብኝና ዘለልኩት። በማግስቱ እናቴ በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን ያዘች፤ ምንም አላለችም። እህቴን እንስሶቹ አላስነጠሷትም፣ ድርቆሹ ግን አስነጠሳት። ካርቶኑን ወደ በረንዳ አወጣነው፤ የምሞላው እኔ ነኝ፣ እሷ እቤት በሌለችበት ሰዓት።

ሁለተኛው ሳምንት ላይ የሽሮ ክብደት 60 ግራም ቀነሰ። አዲስ አበባ ደወልኩ፣ እዚያ ሌሊት ነበር። "ትበላለች? በጠጥ አለ?" አለችኝ። አለ። "በማግስቱ መዝናት" አለችኝ። ሌሊቱን ሙሉ እየተነሳሁ ድርቆሹን አየሁ። በማግስቱ መለሰች። ያቺን ሌሊት አባቴም ተነስቶ ነበር፤ ውኃ ሊጠጣ ነው አለኝ።

150ዋን ዶላር ዕቁብ ብዬ ለብቻ አስቀመጥኳት። ሐምሌ ስንሄድ ደግሞ ጎመኔን ትጠብቃለች፤ ብድር በምድር ተባብለናል።

አባ_ቀልዴ

"ትጠብቃለች" አልክ። ማንን? ገና አልገዛህም እኮ።

ናሆም_16

አባ ቀልዴ፣ ዛሬ ማታ ፍሪጁን ከፍቼ ጎመን ሳወጣ ጩኸት ጠበቅኩ። ለ3 ሳምንት ፍሪጅ በተከፈተ ቁጥር ሁለቱም "ዊክ! ዊክ!" ነበር። ዝም አለ። ዞር ስል እናቴም ከሶፋው ላይ ወደ ጥጉ እያየች ነው።

ቅዳሜ በ4 ሰዓት መጠለያ ቀጠሮ አለን። "አለን" ነው ያልኩት።

የሦስት_ልጆች_እናት

ልጄ፣ ነጠላቸውን ከፍ ያለ ቦታ ይስቀሉ በልልኝ።